ስልክሽ ቢወሰድ ኮንትራትሽ የት ይገኛል? ለግል ኢሜይልሽ ቀላሉ የምስጠራ መንገድ

እህቴ፣ ጅዳም ሥሪ መካ ኩዳይ፣ አንድ ጥያቄ ራስሽን ጠይቂ። አሁን ስልክሽን ቢወስዱብሽ የኮንትራትሽ ፎቶ፣ የፓስፖርትሽና የኢቃማሽ ኮፒ፣ የደመወዝ ደረሰኝሽ የት ይገኛል? የብዙዎቻችን መልስ «ስልኬ ላይ» ነው። ስልኩ ሲሄድ ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል፤ ቆንስላ ስትደርሺ የምታሳዪው ነገር አይኖርም።

መፍትሔው ከየትኛውም ስልክ የሚከፈት፣ ሌላ ሰው ግን የማያነበው ኢሜይል ነው።

ጂሜይል አይበቃም ወይ?

ከምንም ይሻላል። ጂሜይል ላይ የጻፍሽው ነገር በመንገድ ላይ ስለሚመሰጠር የቤቱን ዋይፋይ የሚቆጣጠር ሰው ይዘቱን አያነበውም። የሣጥኑ ቁልፍ ግን ኩባንያውም ጋ አለ። ፕሮቶን ሜይል (የስዊዘርላንድ) እና ቱታ (የጀርመን) የተቀመጠውን ደብዳቤ በአንቺ ፓስወርድ ስለሚቆልፉት እነሱም ከፍተው አያነቡትም። ምስጠራውን አፑ ራሱ ይሠራዋል፤ አንቺ የምታስተካክይው ነገር የለም። ለሰነድ ፎቶ ነፃው ይበቃል።

ሲሙ በማን ስም ነው?

ትልቁ ወጥመድ ይሄ ነው። ሲም ካርድሽ በከፊልሽ ስም የወጣ ከሆነ እሱ ምትክ ሲም አውጥቶ ፓስወርድ መቀየሪያውን ኮድ መቀበል ይችላል። አገር ስትቀይሪ ደግሞ ቁጥሩ ይቀራል፣ ኢሜይሉም ይዘጋብሻል። ስለዚህ በአሰሪ ስም የወጣ ቁጥር ኢሜይልሽ ላይ አታስገቢ። ጂሜይል ካለሽ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ቁጥሩን አጥፊና የምታምኛትን እህትሽን ኢሜይል መመለሻ አድርጊ።

ፓስወርዱን ብትረሺስ?

ኩባንያው ቁልፍ ስለሌለው ሊረዳሽ አይችልም። ፕሮቶን 12 ቃላት፣ ቱታ ደግሞ ረጅም ኮድ ይሰጡሻል። ወረቀት ላይ ጽፈሽ ከቤቱ ውጪ አስቀምጪ፣ ወይም አገር ቤት ያለ የምታምኚው ሰው ይያዝልሽ። ፕሮቶን ላይ ያለነዚህ ቃላት ፓስወርድ ከቀየርሽ አካውንቱ ቢመለስም የድሮው ደብዳቤ እንደተቆለፈ ሊቀር ይችላል።

ሳትከፍቺም ብዙ አትቆዪ። ነፃ አካውንት ቱታ ላይ 6 ወር፣ ፕሮቶን ላይ 12 ወር ካልተከፈተ ሊሰረዝ ይችላል። በየወሩ ደመወዝ ስትቀበዪ ክፈቺው፤ የዚያን ወር ደረሰኝም ያኔውኑ ላኪበት።

ወደ ጂሜይል ስትልኪ

ከፕሮቶን ወደ ፕሮቶን፣ ከቱታ ወደ ቱታ የሚሄደው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ ነው። ወደ ጂሜይል የሚሄደው ግን እንደ ተራ ደብዳቤ ነው። ሚስጥር ከሆነ «በፓስወርድ ላክ» የሚለውን ምረጪና ፓስወርዱን በስልክ ደውለሽ ንገሪ። ፕሮቶን ላይ ርዕሱ ስለማይቆለፍ «ደመወዝ አልተከፈለኝም» ብለሽ ርዕሱ ላይ አትጻፊ፤ «ሰላምታ» ይበቃል።

ስልኩ ከተከፈተ ምስጠራ አያድንም

ይህን ማንም አይሸፍንልሽ። ማዳም ክፍት ስልክ እጇ ከገባ ሁሉንም ታነባለች። ስለዚህ፦

- በጣት አሻራ ሳይሆን ባለ 6 አኃዝ ቁጥር ቆልፊ። ጣትሽ ተኝተሽም ይሠራል።
- ስልኩ ተቆልፎ እያለ መልእክት ስክሪን ላይ እንዳይታይ አድርጊ።
- በጓደኛ ስልክ ከከፈትሽ ስትጨርሺ ውጪ፤ ፓስወርዱን «አስቀምጥ» ሲልሽ እምቢ በይ።
- ስልክሽ ከተወሰደ በሌላ ስልክ ገብተሽ የድሮውን ስልክ ከአካውንትሽ አስወጪው፤ ፓስወርድሽንም ቀይሪ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። የምታስቀምጪው የራስሽን ሰነድ ይሁን። የአሰሪ ቤተሰብን ፎቶ ወይም ቪዲዮ አትያዢ። በ2007 በወጣው የሳዑዲ የሳይበር ወንጀል ሕግ በስልክ ካሜራ የሰውን የግል ሕይወት መድፈር እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል ቅጣት ያመጣል።

ዛሬ ማታ ሥራ ስትጨርሺ አካውንቱን ክፈቺና መጀመሪያ ኮንትራትሽን ላኪበት። ከዚያ በሌላ ስልክ ከፍተሽ ፎቶው መነበቡን እዪ። ከተነበበ ማስረጃሽ ከስልኩ ውጪም አለ ማለት ነው።