የሕይወት መድን ተጠቃሚው አስቀድሞ ሲሞት

ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ወጥቶ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ሥራ የያዘ ወጣት የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል በቅድሚያ የሚያስበው ያሳደጉትን እናቱን ነው። መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞቹ የሕይወት መድን የገባ እንደሆነም፣ በቅጹ ላይ «ተጠቃሚ» በሚለው ቦታ የእናቱን ስም ይጽፋል። ይህ የሚያስመሰግን እንጂ የሚነቀፍ ተግባር አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ወጣቱ ትዳር ይይዛል፤ ልጆች ይወልዳል። እናቱም ዕድሜ ጠግበው ያርፋሉ። ቀብሩ ይፈጸማል፤ ተዝካሩ ይወጣል፤ እድርተኛው ይበተናል። ያ ቅጽ ግን የሟችን ስም እንደያዘ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ መድን ገቢው ራሱ ቢሞትስ ገንዘቡ ለማን ይከፈላል?

ብዙዎቻችን «ለሚስቱ ነዋ!» እንላለን። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 827 እንደሚደነግገው፣ ሟች ተጠቃሚውን ለይቶ ካልወሰነ ወይም መድኑን በጠቅላላው «ለወራሾቼ» ብሎ ከገባ ገንዘቡ ከውርስ ሀብት ጋር ይደባለቃል። በስም የተጠቀሰ ሰው ካለ ግን ከውርሱ ውጭ ሆኖ በቀጥታ ለዚያ ሰው ይደርሳል። እንግዲህ የተጠቀሰው ሰው አስቀድሞ ሞቶ፣ በውሉም ላይ ተተኪ ካልተጻፈ፣ ገንዘቡ መንገዱን ይቀይርና ወደ ውርሱ ይገባል ማለት ነው።

በሕጋችን መሠረት ኑዛዜ በሌለበት ጊዜ በመጀመሪያ ደረጃ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፤ እነርሱም እኩል ይካፈላሉ። ልጅ ከሌለ የሟች አባትና እናት ይተካሉ። ሚስት ከጋራ ንብረት ድርሻዋን የምታገኝ ብትሆንም፣ የባሏ ወራሽ ግን አይደለችም። ስለዚህ ልጅ ያልወለደች ሚስት ዓረቦኑ ከቤቷ ወጪ እየተቀነሰ ሲከፈል ኖሮ፣ በመጨረሻ ገንዘቡ መካነ ኢየሱስ ወይም ወገዳ ላሉት ለባሏ አባት ሊተርፍ ይችላል። በዚህ ምክንያት ምራትና አማት ቢቀያየሙ፣ ጥፋቱ የሁለቱም ሳይሆን ያልታደሰው ወረቀት ነው።

ተጠቃሚው ከመድን ገቢው በኋላ፣ ገንዘቡን ሳይቀበል ቢሞት ግን ነገሩ ሌላ ነው። መብቱ አስቀድሞ የተወለደ በመሆኑ ወደ ተጠቃሚው ወራሾች ያልፋል። የሁለቱን ሞት ቀን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ዋጋው ከፍ የሚለው በዚህ ጊዜ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሥራው ቀላል ነው። አንደኛ፣ ተጠቃሚው ሲሞት ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት የሞት ምስክር ወረቀት ማውጣት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ውሉን አውጥቶ ስለ ተጠቃሚ ለውጥ ምን እንደሚል ማንበብ፤ መድኑ በመሥሪያ ቤት በኩል የተገባ ከሆነም የአስተዳደር ክፍሉን ጠይቆ አዲስ ቅጽ መሙላት ነው። ሦስተኛ፣ አንድ ስም ብቻ ጽፎ አለመተው ነው። ከዋናው ተጠቃሚ ቀጥሎ ተተኪ ይጻፍ፤ ብዙዎች ከሆኑም የእያንዳንዳቸው ድርሻ ከመቶ ስንት እንደሆነ ይገለጽ። አራተኛ፣ ስሙ በመታወቂያ ላይ እንዳለው እስከ አያት ድረስ ይጻፍ። በአገራችን አንድ ሰው የቤት ስም፣ የክርስትና ስምና የመዝገብ ስም ሊኖረው ስለሚችል፣ ስም ባለመግጠሙ ብቻ ቤተሰብ ከነፋስ መውጫ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ መመላለስ የለበትም።

ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ተጠቃሚ ከሆነ ገንዘቡን በስሙ የሚቀበልለት ሞግዚቱ መሆኑንም አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። በ1952ቱ የንግድ ሕግ መሠረት ከመድን ውል የሚነሣ ጥያቄ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም መድንን የሚመለከተው የቀድሞው ክፍል በሥራ ላይ ነው። ስለዚህ «ኀዘኑ ይውጣልኝ፣ ልጆቹ ይደጉልኝ» እያሉ ማቆየት መብትን ያሳጣል።

እድራችን ለቀብሩ ይደርሳል፤ ድንኳኑንም ይተክላል። ከቀብሩ በኋላ ያለውን የቤት ኪራይ፣ የልጆች ደብተርና ቀለብ ግን አይሸፍንም። የሕይወት መድን የተፈለገው ለዚያ ነው። ባልና ሚስት በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ተቀምጠው ውላቸውን ያንብቡት። ስለ ሞት መነጋገር ሟርት አይደለም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ነው። በወረቀቱ ላይ ያለው ስም በሕይወት ያለ ሰው ስም መሆኑን ማረጋገጥ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ቡና ከሚፈላበት አይበልጥም።