ከጠርሙስ ስባሪ የሚሠራ ጌጥ

ዶቃ የማያውቅ ሰው የለም። ለሕፃን ልጅ በአንገቱ ወይም በእጁ ዶቃ የሚያስሩ እናቶች አሉ። በሐመርና በቦረና ሴቶች አንገት ላይ በብዙ ረድፍ የተደረደረ ዶቃ ይታያል። ጸሎት የሚያደርስ ሰው የሚይዘው መቁጠሪያም ቢሆን በክር የተሰካ ዶቃ ነው።

ነገር ግን ዶቃ እንዴት ነው የሚሠራው? ይህን ብንጠይቅ መልሱን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። አንዳንዱ «ከመሬት ተቆፍሮ ይወጣል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ይሄማ የፋብሪካ ሥራ ነው» ይላል። እርግጥ ነው፣ በፋብሪካ የሚሠራ ዶቃ ሞልቷል። ይሁን እንጂ ዛሬም በእጃቸው ዶቃ ሠርተው የሚተዳደሩ ሰዎች በብዙ አገር ይገኛሉ። በጋና አገር የሚኖሩት የክሮቦ ሰዎች ከእነዚህ መካከል ናቸው። እነሱ ዶቃ የሚሠሩት ሌላው ሰው ከሚጥለው ነገር ነው። ይኸውም የጠርሙስ ስባሪ ነው።

ዶቃ ምንድን ነው?

ዶቃ ማለት ክር የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ጌጥ ነው። ከድንጋይ፣ ከአጥንት፣ ከዛፍ ፍሬ፣ ከሸክላ፣ ከብረት፣ ከዛጎል ወይም ከመስታወት ይሠራል። መስታወት ስንል የፊት ማያውን ብቻ ማለታችን አይደለም። ጠርሙስና ብርጭቆም የሚሠሩት ከመስታወት ነው። ዶቃን ዶቃ የሚያሰኘው ቀዳዳው ነው። ቀዳዳ ከሌለው ምንም ቢያምር ጠጠር ነው።

ሰው ዶቃ መሥራት የጀመረው እርሻን ከማወቁ በፊት ነው። በሰሜን አፍሪካ፣ በሞሮኮ አገር፣ በአንድ ዋሻ ውስጥ ቀዳዳ ያላቸው የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ተገኝተዋል። ሊቃውንት ሲመረምሯቸው ከ140,000 ዓመት በላይ የቆዩ ዶቃዎች መሆናቸውን ደረሱበት። እንግዲህ ሰው እህል መዝራትን ሳያውቅ ጌጥ መሥራትን ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ወደ እኛ አካባቢም የመስታወት ዕቃ መግባት የጀመረው ጥንት ነው። ከ1,900 ዓመት በፊት ገደማ በግሪክኛ የተጻፈ አንድ የነጋዴዎች መጽሐፍ አለ። መጽሐፉ ወደ አዱሊስ ወደብ ልዩ ልዩ ዓይነት የመስታወት ዕቃ ከግብፅ ይመጣ እንደነበር ይናገራል። አዱሊስ ያን ጊዜ የአክሱም መንግሥት መነገጃ ወደብ ነበረች። ቦታዋ ዛሬ በኤርትራ ይገኛል።

ዶቃና የጥንቱ ንግድ

ጋና በምዕራብ አፍሪካ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለች አገር ናት። ፖርቱጋሎች በዚያ ባሕር ዳር፣ ኤልሚና በሚባል ቦታ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1482 ዓ.ም. ምሽግ ሠሩ። ከእነሱም በኋላ ሌሎች አውሮፓውያን መጡ። እነዚህ ነጋዴዎች ጨርቅ፣ ብረት፣ መጠጥ፣ ጠመንጃና ዶቃ ያመጡ ነበር። በለውጡም ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይወስዱ ነበር። ኋላም ሰውን እንደ ዕቃ ገዝተው በመርከብ ጫኑ።

ከዶቃው ብዙው የሚመጣው ቬኒስ ከምትባል የኢጣልያ ከተማ ነው። የቬኒስ ገዢዎች ከተማው በእሳት እንዳይወድም ስለፈሩ የመስታወት ምድጃዎች ሁሉ ሙራኖ ወደምትባል ደሴት እንዲዛወሩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1291 ዓ.ም. አዘዙ። የሙራኖ ሠራተኞች የሥራውን ምስጢር ይዘው ወደ ሌላ አገር እንዳይሄዱም ተከለከሉ። ለምን? ቢባል፣ ዶቃና ብርጭቆ ከፍ ያለ ትርፍ ስለሚያስገቡ ነው። በዚህ ዓይነት ያ ትንሽ ዶቃ አፍሪካ ሲደርስ ሰው ከሚሸጥባቸው ዕቃዎች አንዱ ሆነ። ይህ የዶቃ ታሪክ መራራው ክፍል ነው።

ይሁንና አፍሪካውያን መስታወትን ያወቁት ከአውሮፓውያን ነው ማለት አይደለም። ዛሬ ናይጄሪያ በሚባለው አገር፣ በኢፌ ከተማ፣ ሰዎች በአገራቸው ከሚገኝ አፈርና ድንጋይ መስታወት አቅልጠው ዶቃ ይሠሩ ነበር። ይህም የሆነው የአውሮፓ መርከብ ወደዚያ ባሕር ዳር ከመድረሱ በፊት ነው።

የክሮቦ ሰዎች ዶቃ እንዴት ይሠራሉ?

የክሮቦ ሰዎች የሚኖሩት በጋና ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከቮልታ ወንዝ ብዙ ሳይርቁ ነው። ኦዱማሴ ከዋና ዋና ከተሞቻቸው አንዷ ናት። ሥራቸውን በየተራው እንመልከት።

አንደኛ፣ ጠርሙስ ይሰበስባሉ። ከዚያም በየቀለሙ ይለዩታል። ከአረንጓዴ ጠርሙስ አረንጓዴ ዶቃ ይወጣል። ከቢራ ጠርሙስ ቡናማ ዶቃ ይወጣል። ጠርሙሱ ታጥቦ ንጹሕ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ ጠርሙሱን በብረት ሙቀጫ ይወቅጡታል። የተወቀጠውን በወንፊት ይነፉታል። ዱቄቱ እንደ ጤፍ ዱቄት እስኪልም ድረስ ይደጋግሙታል። ሌላ ቀለም ሲፈለግ የማቅለሚያ ዱቄት ይጨምሩበታል።

ሦስተኛ፣ ዱቄቱን የሚጨምሩበት ፎርማ ያዘጋጃሉ። ፎርማው ከሸክላ የተሠራ ነው። ገበጣ የሚያውቅ ሰው መልኩን በቀላሉ ይረዳዋል። እንደ ገበጣ ብዙ ጉድጓድ አለው፤ ጉድጓዶቹ ግን ትንንሽ ናቸው። መስታወቱ ቀልጦ እንዳይጣበቅ ፎርማውን በነጭ አፈር ውኃ ይቀቡታል። እንጀራው እንዳይዝ ምጣዱ በጎመን ዘር እንደሚታሰስ ማለት ነው።

አራተኛ፣ ዱቄቱን በየጉድጓዱ ይሞላሉ። በእያንዳንዱም መካከል የካሳቫ ቅጠል ዘንግ ያቆማሉ። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ዘንጉ በእሳት ውስጥ ተቃጥሎ ሲጠፋ ቦታው ባዶ ይቀራል። ያ ባዶ ቦታ የዶቃው ቀዳዳ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ፎርማውን ወደ ምድጃ ያስገባሉ። ምድጃውን የሚሠሩት ከኩይሳ አፈር ነው፤ የኩይሳ አፈር ሙቀት ይችላልና። የእሳቱ ሙቀት ከ650 እስከ 850 ዲግሪ ይደርሳል። ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ መሆኑን ስናስታውስ የሙቀቱን ኃይል መገመት እንችላለን። ፎርማው በእሳቱ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። እሳቱ ካነሰ ዱቄቱ አይያያዝም፤ ዶቃው ይፈረፈራል። እሳቱ ከበዛ ደግሞ ቀልጦ ቅርጹ ይጠፋል። ስለዚህ ይህ ሥራ ዓይንና ትዕግሥት ይፈልጋል።

ስድስተኛ፣ ዶቃው ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ትኩስ መስታወት ድንገት ከበረደ ይሰነጠቃል። ቀዝቃዛ ውኃ የፈሰሰበት የጋለ ሸክላ እንደሚሰነጠቅ ሁሉ ማለት ነው። ዶቃው ከበረደ በኋላ በድንጋይ ላይ፣ በአሸዋና በውኃ እየታሸ ይለሰልሳል። በመጨረሻ ታጥቦ ይደርቃል።

ሌሎችም ዓይነቶች አሉ። አንዳንዱን ዶቃ የሚሠሩት ከዱቄት ሳይሆን ከስባሪው ነው። ስባሪው ሲቀልጥ፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ በወስፌ ይበሱታል። ሌላውን ደግሞ አንድ ጊዜ ካቃጠሉት በኋላ በውኃ በተለወሰ ባለ ቀለም የመስታወት ዱቄት ያስጌጡታል። ከዚያም ሥዕሉ እንዲይዝ እንደገና ወደ እሳት ያስገቡታል።

በክሮቦዎች ዘንድ ዶቃ የመሸጫ ዕቃ ብቻ አይደለም። ልጃገረዶች ለአካለ መጠን ሲደርሱ ዲፖ የሚባል በዓል ይደረግላቸዋል። በዚያን ቀን በአንገታቸው፣ በወገባቸውና በእጃቸው ብዙ ዶቃ ያደርጋሉ። ከዚያም ውስጥ ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ዶቃ ይገኛል።

ከዶቃ ወደ ጌጥ

ዶቃ ብቻውን ጌጥ አይሆንም። በክር መሰካት አለበት። ይህም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ብዙ ጊዜ ዶቃ የሚሠራው ሰው ሌላ ነው፤ ሰክቶ ድሪ፣ አምባር ወይም የወገብ ጌጥ የሚያደርገው ሰው ደግሞ ሌላ ነው። የክሮቦ ዶቃ ባሕር ተሻግሮ በሩቅ አገር ያሉ ጌጥ ሠሪዎች እጅ ይገባል።

ዶቃ የሚሰካ ሰው በመጀመሪያ ቀዳዳውን ይመረምራል። የቀዳዳው ጠርዝ ስለታም ከሆነ ክሩን ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ መሞረድ አለበት። ቀጥሎ ክሩን ያዘጋጃል። የመስታወት ዶቃ ከባድ ስለሆነ ጠንካራ ክር ይፈልጋል። የጥጥ ክር ከሆነ ደርቦ ማክረርና በሰም ማሸት ይጠቅማል።

ከመስካቱ በፊት ዶቃውን በጨርቅ ላይ መደርደር ጥሩ ነው። ትልልቁ በመካከል፣ ትንንሹ ወደ ማጅራት በኩል ቢሆን ያምራል፤ አንገትንም አይቆረቁርም። በእያንዳንዱ ዶቃ መካከል ክሩን መቋጠር ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ክሩ ቢበጠስ የሚወድቀው አንድ ዶቃ ብቻ ነው። ቋጠሮ ከሌለው ግን ሁሉም ተበትኖ ይቀራል።

ልፋትም ዋጋ አለው

በጋና፣ ኮፎሪዱዋ በምትባል ከተማ፣ ሐሙስ ሐሙስ ትልቅ የዶቃ ገበያ ይቆማል። ሆኖም በእጅ የተሠራ ዶቃ በዚያ ብቻውን አይቀርብም። በፋብሪካ የተሠራ አምሳያውም በርካሽ ይሸጣል። ታዲያ የእጅ ሠራተኛው ምን ያድርግ? ዋጋውን ዝቅ ካደረገ ልፋቱ ይቀርበታል። ከፍ ካደረገ ደግሞ ገዢው ወደ አምሳያው ይሄዳል። ችግሩ ይህ ነው።

ለዚህ ነው ሒሳብ ማወቅ የሚያስፈልገው። እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ሴት ለአንድ ድሪ 40 ዶቃ ገዛች እንበል። የአንዱ ዶቃ ዋጋ 5 ብር ቢሆን 200 ብር ይሆናል። ለክርና ለማያያዣ 20 ብር አወጣች። ጠቅላላ ወጪዋ 220 ብር ነው። ድሪውን በ250 ብር ሸጠች። «30 ብር አተረፍኩ» ብላ ደስ አላት። ነገር ግን ድሪውን ለመሥራት 3 ሰዓት ፈጅቶባታል። 30 ብር ለ3 ሰዓት ሲካፈል ለአንድ ሰዓት 10 ብር ይሆናል። ገበያ ለመሄድና ለመመለስ የፈጀችውን ጊዜ ስትጨምርበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እንግዲህ ይህች ሴት የሸጠችው ዶቃውን ብቻ አይደለም። ጉልበቷንም በርካሽ ሸጣዋለች። ወጪዋንና ሰዓቷን በደብተር ብትጽፍ ኖሮ ይህን አስቀድማ ታውቀው ነበር።

ሥራውን መከፋፈልም ይረዳል። አንዱ ጠርሙስ ሲሰበስብ፣ ሌላው ሲወቅጥ፣ ሌላው ሲያቃጥል፣ ሌላዋ ስትሰካ፣ ሌላዋ ስትሸጥ ልፋቱ ይቀላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው» ይባል የለ?

ሌላም ነገር አለ። በአገራችን ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን መናቅ የቆየ ክፉ ልማድ ነው። በምጣዷ እንጀራ እየጋገሩ ሸክላ ሠሪዋን መናቅ፣ በማረሻው እያረሱ ቀጥቃጩን መስደብ ምን ይባላል? ጌጡን የሚወድ ሰው የሠራውን እጅ ማክበር አለበት። ክብሩም በቃል ብቻ ሳይሆን በሚከፈለው ዋጋ ይታያል።

ጥንቃቄ

የመስታወት ዱቄት ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ስለዚህ ጠርሙስ የሚወቅጥ ሰው አፉንና አፍንጫውን መሸፈን፣ ዓይኑንም መከለል አለበት። ውጭ ሆኖ፣ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ይውቀጥ። ስባሪውን ሕፃናትና ከብቶች ከማይደርሱበት ቦታ ያኑር። ሕፃናት ዶቃ ሊውጡ ወይም ሊያንቃቸው ስለሚችል ያለ ጠባቂ ዶቃ ይዘው መጫወት የለባቸውም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው የጠርሙስ ስባሪ ሜዳ ላይ ሲጣል እግር ይቆርጣል። ተለቅሞ፣ ተወቅጦ፣ በእሳት አልፎ ሲሠራ ግን ለአንገት ጌጥ ይሆናል፤ ቤተሰብም ያስተዳድራል። ልዩነቱን ያመጣው የሰው እጅና ዕውቀት ነው። ከእንግዲህ ገበያ ወጥተን ዶቃ ስናይ ስለ ዋጋው ብቻ አንጠይቅ። «ማን ሠራው? ለልፋቱስ ምን አገኘ?» ብለንም እንጠይቅ።

ጥያቄዎች

1. ዶቃን ከጠጠር የሚለየው ምንድን ነው?
2. የክሮቦ ሰዎች የዶቃውን ቀዳዳ እንዴት ያወጣሉ?
3. እሳቱ ሲያንስ ዶቃው ምን ይሆናል? ሲበዛስ?
4. በዶቃና በዶቃ መካከል ክሩን መቋጠር ምን ይጠቅማል?
5. በምሳሌው ያለችው ሴት ለአንድ ሰዓት ሥራዋ 30 ብር ማግኘት ብትፈልግ ድሪውን በስንት ብር መሸጥ ነበረባት?
6. በአካባቢያችሁ የሚጣል፣ ነገር ግን ሊሠራበት የሚችል ምን ነገር አለ? ተወያዩበት።