ደልጊ ወይስ ጎርጎራ? ቤት ከመግዛታችን በፊት

ከማታ ተማሪዎቻችን መካከል አንድ አዛውንት ገበሬ አሉ። እኛ «አያ» እያልን እንጠራቸዋለን። ፊደል መቁጠር ከጀመሩ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ባለፈው ግንቦት አንድ ማታ ትምህርቱ ሲያልቅ ወደ ኋላ ቀሩና አማከሩን።

«ልጆቼ፣ ጉልበቴ ደክሟል። በሬዎቼንና ያጠራቀምኩትን እህል ሸጬ ጣና ዳር ትንሽ ቤት ልገዛ ነው። እኔ ጎርጎራ ይሻላል እላለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ከደልጊ ሌላ አልኖርም አለች። እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

እኛ ምን እንበል? በሬ አንዴ ከተሸጠ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ «አያ፣ አብረን ሄደን እንይ» አልናቸው።

ሁለቱ ከተሞች

ጎርጎራና ደልጊ ሁለቱም በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ክፍል፣ በዳርቻው ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ጎርጎራ በምሥራቅ በኩል፣ ደልጊ በምዕራብ በኩል ነው። ሁለቱም የጀልባ ወደብ አላቸው።

ጎርጎራ በደምቢያ ምድር ነው። በአዘዞና በቆላ ድባ የሚያልፍ መንገድ ከጎንደር ጋር ያገናኘዋል። ርቀቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥንታዊው የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያንም እዚያ ይገኛል። ደልጊ ደግሞ የጣቁሳ ወረዳ ዋና ከተማ ነው። ስለዚህ የወረዳው መሥሪያ ቤቶች ቅርብ ናቸው።

እንግዲህ ሁለቱም የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። ነገር ግን የሐይቅ ዳር ቤት የሚገዛ ሰው የከተማውን ስም ብቻ ሰምቶ አይገዛም።

ውሃውን በመስከረም እዩት

ከሁለቱ ከተሞች በአንደኛው አንድ ደላላ ቤት አሳየን። የከተማውን ስም አንጽፍም፤ እንዲህ ያለ ነገር በሁለቱም ሊያጋጥም ይችላልና። ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ነው። ሐይቁ ፊት ለፊት ይታያል። ዋጋው ርካሽ ነው። አያ ደስ አላቸው።

እኛ ግን ግድግዳውን አየን። ከጉልበት ከፍታ ላይ ቡናማ መስመር አለ። በግቢው ጥግም ደንገል በቅሏል። ደንገል የሚበቅለው ውሃ በማይለየው መሬት ነው። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ አንዲት እናት አገኘንና ጠየቅናቸው።

«ኧረ ልጆቼ፣ በመስከረም ውሃው በሩ ድረስ ይመጣል!» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የክረምቱን ውሃ ወደ ጣና ያስገባሉ። የሚወጣው ወንዝ ግን አንድ ዓባይ ብቻ ነው። ስለዚህ ሐይቁ በክረምት ይሞላል። ከፍ ብሎ የሚታየው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ ነው። ልዩነቱ ከ1 ሜትር ይበልጣል። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ይህ 1 ሜትር ብዙ ቦታ ያለብሳል። በ1998 ዓ.ም ክረምት በፎገራና በደምቢያ ሜዳ ጎርፍ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል።

ውሃ በተኛበት ደግሞ የወባ ትንኝ ይራባል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ይበረታል። ስለዚህ ቤት በግንቦት ታይቶ ብቻ አይገዛም። በመስከረምም ይታያል።

ወረቀቱን አንብቡ

ደላላው ግን ቸኮለ። «ሌላ ገዢ አለ። አያ፣ እዚህ ላይ አውራ ጣትዎን ያሳርፉ» ብሎ ወረቀት ዘረጋ።

አያ ጣታቸውን ዘረጉ። ከዚያ መለሱት። «ቆይ እስቲ፣ ላንብበው» አሉ።

ደላላው ሳቀ። አያ አልሳቁም። በጣታቸው እየተከተሉ «የ… እር… ሻ… መሬት» ብለው አነበቡ። ቀና ብለው «ቤት አይደለም እንዴ የምትሸጥልኝ? ይህ የእርሻ መሬት ይላል!» አሉት። ደላላው መልስ አልነበረውም። ወረቀቱን አጥፎ ሄደ።

በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የሚሸጠው በመሬቱ ላይ የተሠራው ቤት ነው። በእርሻ መሬት ላይ ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት ቢፈርስ ገንዘቡን ማን ይመልሳል?

ስለዚህ አራት ነገር አንርሳ። አንደኛ፣ ሻጩ በስሙ ካርታ እንዳለው ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንጠይቅ። ካርታ ማለት የይዞታ ማረጋገጫ ወረቀት ነው። ሁለተኛ፣ ቤቱ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት እናጣራ። ሦስተኛ፣ ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። አራተኛ፣ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ይመዝገብ። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ያዛል። በቃል ብቻ፣ በሽማግሌ ፊት ብቻ የተደረገ የቤት ሽያጭ አያስተማምንም።

መጨረሻው

አያ በሬዎቻቸውን ሳይሸጡ ክረምቱን አሳለፉ። በመስከረም ከባለቤታቸው ጋር ሁለቱንም ከተሞች ዞረው አዩ። ባለቤታቸው «ደልጊ ልጃችን አለች። ስንታመም ማን ውሃ ያቀብለናል?» አሉ። አያ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። ከዚያ «እውነት ነው» አሉ።

ዛሬ ደልጊ ውስጥ፣ ከውሃው ራቅ ብሎ ከፍታ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ቤት ይኖራሉ። ሐይቁ ከደጃፋቸው አይታይም። ካርታው ግን በእጃቸው ነው። በውሉ ላይ አሻራ አላሳረፉም። ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ።

ጥያቄዎች

1. ጣና ከፍ የሚለው በየትኞቹ ወራት ነው?
2. በግድግዳው ላይ ያለው መስመር ምን ያመለክታል?
3. አያ ባያነቡ ኖሮ ምን ይደርስባቸው ነበር?
4. እናንተ ቤት ብትገዙ በመጀመሪያ ምን ትጠይቃላችሁ? በደብተራችሁ ጻፉ።