የሕክምና ሒሳብ መርማሪው መሥሪያ ቤት በቴክሳስ ግዛት እንዴት እንደ ተሻሻለ

መንግሥት አገልግሎት ወይም ዕቃ በዱቤ በሚገዛበት ጊዜ ሒሳቡን የሚመረምር መሥሪያ ቤት ማስፈለጉን የሚክድ ነጋዴ የለም። አጭበርባሪው የሚወስደው ገንዘብ ሐቀኛው የከፈለው ግብር ነውና። ነገር ግን መርማሪው አሠራሩን ሳያደላድል ሥልጣኑን ብቻ ያሰፋ እንደ ሆነ፣ አጭበርባሪው ሳይያዝ ሐቀኛው ይጎዳል። ይህ ነገር በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት በግልጥ ስለ ታየና ለአስመጪውም ለባለሱቁም ትምህርት ስለሚሆን፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እናስረዳለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜዲኬይድ የሚባለው የድኾች ሕክምና ርዳታ በአሜሪካ በሕግ የተቋቋመው በ1965 ሲሆን፣ ወጪውን የፌዴራሉ መንግሥትና ግዛቶቹ በጋራ ይችላሉ። ሐኪሙ፣ የጥርስ ሐኪሙ ወይም መድኃኒት ቤቱ በመጀመሪያ አገልግሎቱን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ የሒሳብ መጠየቂያ ለግዛቱ አቅርቦ ይከፈለዋል። ማጭበርበርም የሚገባው በዚሁ በር ነው። ያልተሰጠ ሕክምና እንደ ተሰጠ ተደርጎ ይጻፋል፣ ርካሹ አገልግሎት በውዱ ስም ይጠየቃል፣ በሽተኛ ላመጣ ሰው ጉቦ ይሰጣል። ይህን ለመከላከል ቴክሳስ በ2003 በግዛቱ የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚሽን ሥር የዋና መርማሪ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ወንጀሉን በፍርድ ቤት የሚከታተለው ግን በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሥር ያለ ሌላ ክፍል ነው።

መርማሪው ሁለት ብርቱ መሣሪያዎች አሉት። የመጀመሪያው ናሙና ወስዶ ጠቅላላውን መገመት ነው። ለምሳሌ አንድ ሐኪም ቤት 10,000 መዝገቦች ቢኖሩት መርማሪው 200 ብቻ መርጦ ያያል። በእያንዳንዱ መዝገብ በአማካይ 20 ዶላር ያለ አግባብ ተከፍሎ ከተገኘ፣ ሐኪም ቤቱ 200,000 ዶላር ይጠየቃል። አሠራሩ ጊዜና ድካም ይቆጥባል፤ ሆኖም አማካዩ በስሕተት በ5 ዶላር ብቻ ቢበልጥ ዕዳው በ50,000 ዶላር ያድጋል። ስለዚህ የናሙናው አመራረጥ እንደ ነጋዴ ሚዛን መስተካከል አለበት።

ሁለተኛው መሣሪያ ክፍያን ማገድ ነው። በ2010 የወጣው የፌዴራል የጤና ሕግና በ2011 በሥራ ላይ የዋለው ደንብ፣ ሊታመን የሚችል የማጭበርበር ጥቆማ በቀረበ ጊዜ በቂ ምክንያት ካልኖረ በቀር ግዛቱ ክፍያውን እንዲያግድ ያዛሉ። እገዳው ከፍርድ በፊት የሚመጣ ነው። የንግድን ሥራ የሚያውቅ ሰው የዚህን ክብደት ለመረዳት አይቸገርም፤ ገቢው የተያዘበት ሐኪም ቤት የሠራተኛ ደመወዝና የቤት ኪራይ መክፈል ያቅተዋል፣ መድኃኒትና መሣሪያ በዱቤ ያስረከበው ነጋዴም ገንዘቡን ያጣል። በመጨረሻ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ የመጣ ፍርድ ብዙ አይጠቅመውም።

በቴክሳስ ነገሩን ያባባሰው የጥርስ ማቃኛ ሽቦ ነበር። ግዛቱ ለልጆች ጥርስ ማቃኛ የሚከፍለው ገንዘብ ከ2010 በፊት በነበሩት ዓመታት እጅግ ናረ። መርማሪው መሥሪያ ቤትም በብዙ የጥርስ ሐኪሞች ላይ የክፍያ እገዳ ጣለ። ነገር ግን ማመልከቻዎቹን አስቀድሞ መርምሮ የማጽደቅ ውል የነበረው አንድ ተቋራጭ ነበር። ግዛቱ ይህን ተቋራጭ በሚገባ ሳይመረምር አጽድቋል ሲል በ2014 ከሰሰው፤ ክርክሩም በ2019 ወደ 236 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ክፍያ በስምምነት አለቀ። ከዚህ እንደምንረዳው ጉድለቱ በሐኪሞቹ ዘንድ ብቻ ሳይሆን በራሱ በግዛቱ የቁጥጥር በርም ነበር።

የመሥሪያ ቤቱን ድካም ገልጦ ያሳየው በቴክሳስ ከ1977 ጀምሮ የሚሠራ የሕግ አውጪዎች ኮሚሽን ነው። ስሙ የፀሐይ መጥለቅ ኮሚሽን ይባላል፤ ምክር ቤቱ ዕድሜውን በሕግ ካላራዘመለት በቀር መሥሪያ ቤት ሁሉ ቀኑ ሲደርስ እንደ ፀሐይ ይጠልቃል ማለት ነው። ኮሚሽኑ በ2014 ባደረገው ምርመራ መርማሪው መሥሪያ ቤት ያለ አግባብ ተከፈለ ብሎ ከገመተው 1.1 ቢሊዮን ዶላር ያህል ገንዘብ ያስመለሰው 5.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ መሆኑን ገለጠ። ይህም ከመቶ ግማሽ ነው። ብዙ የሚያስፈራ ጥቂት የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ነበር ለማለት ይቻላል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሌላ ጉድ ተሰማ። ማጭበርበርን በኮምፒውተር ለመፈለግ ከአንድ የኦስቲን ከተማ ኩባንያ ጋር የተደረገው ውል ያለ ጨረታ ውድድር እስከ 110 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ ሲል ነገሩ በጋዜጦች ወጣ። ውሉ ተሰረዘ፣ ዋና መርማሪውም በታኅሣሥ 2014 ሥራቸውን ለቀቁ። የሌላውን ደረሰኝ የሚቈጣጠር መሥሪያ ቤት የራሱን ግዥ በውድድር አለመፈጸሙ ሕዝቡን እጅግ አሳዘነ። በ2015 መጀመሪያ አዲሱ አገረ ገዥ ግሬግ አቦት ቀድሞ የኢራቅ መልሶ ግንባታ ልዩ ዋና መርማሪ የነበሩትን ስቱዋርት ቦወንን በቦታው ሾሙ።

በ2015 የጸደቀው ሕግ ያሻሻላቸው ዋና ዋና ነገሮች የሚከተሉት ናቸው። አንደኛ፣ ሳይታሰብ የተፈጸመ የጽሕፈት ወይም የአስተዳደር ስሕተት ማጭበርበር እንዳይባል ትርጕሙ ተወሰነ። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ደረጃ ምርመራ በ45 ቀን፣ ሙሉው ምርመራ በ180 ቀን እንዲያልቅ ታዘዘ። ሦስተኛ፣ የክፍያ እገዳ በመንግሥት ገንዘብ ላይ የሚቀጥል ጉዳትን ለመግታት የሚወሰድ ከባድ እርምጃ እንጂ ተራ የምርመራ ልማድ አለመሆኑ ተደነገገ፤ የታገደውም ሰው ፈጥኖ በገለልተኛ ዳኛ ፊት የሚሰማበት ሥርዐት ተደላደለ። አራተኛ፣ የናሙናና የግምት አሠራሩ በምርመራው ውስጥ ባልገቡ ሠራተኞች እንዲታይ ተደረገ።

እነዚህ ማሻሻያዎች ለአጭበርባሪ የተደረጉ ምሕረት አይደሉም። ስሕተቱን ከወንጀሉ የለየ መርማሪ ጊዜውን በዋናው ሌባ ላይ ያውላል፤ የጊዜ ገደብ ያለው ምርመራም ማስረጃው ሳይጠፋ ይደርሳል።

በአገራችንም የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ከተጀመረ ወዲህ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ለመድን አባላት የሰጡትን ሕክምና ዋጋ ከመድኑ ይጠይቃሉ። ለእነርሱ መድኃኒት በዱቤ የሚያስረክብ ነጋዴም የገንዘቡ ፍጥነት በዚህ ሒሳብ ላይ ይመሠረታል። ስለዚህ የንግዱ ማኅበር ቁጥጥርን ከመፍራት ይልቅ ቀን የተወሰነለት፣ ትርጕሙ የጠራ፣ ይግባኝ ያለው ቁጥጥር እንዲኖር መጠየቅ ይገባዋል። በበኩሉም እያንዳንዱ ነጋዴ ደረሰኙን፣ የርክክብ ሰነዱንና መዝገቡን አሟልቶ ይያዝ፤ መርማሪ በመጣ ቀን ስሕተትን ከማጭበርበር የሚለይለት የራሱ መዝገብ ነውና።