ወፎቹ የሚጠብቁት ዝናቡን አይደለም፤ የውሃውን መጉደል ነው

አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ዓሣ እየበላ የሚኖር ወፍ ጫጩቶቹን ለማሳደግ የሚመርጠው ወቅት የቱ ይመስላችኋል? ውሃ ጢም ብሎ የሞላበት ክረምት ነው ወይስ ውሃው እየሸሸ የሚሄድበት በጋ?

እኛም መጀመሪያ «ክረምት ነዋ!» ነበር ያልነው። ተሳስተናል። መልሱ በጋ ነው። ይቺ ትንሽ የምትመስል መልስ ደግሞ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የፈሰሰበት ትልቅ ጉዳይ ውስጥ ትከታለች። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

የምንወስዳችሁ ኤቨርግሌድስ ወደሚባል ሰፊ ረግረግ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ፣ የፍሎሪዳ ግዛት ደቡባዊ ጫፍ ላይ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ወንዝ የማይመስል ወንዝ

ኤቨርግሌድስ ሐይቅ አይደለም፤ ወንዝም አይመስልም። ከኦኪቾቢ ሐይቅ ተነስቶ ወደ ባሕር በጣም በዝግታ የሚንሸራተት፣ በሣር የተሸፈነ፣ ብዙ ቦታ ላይ ከጉልበት የማያልፍ ውሃ ነው። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ቆማችሁ ብታዩት መፍሰሱን እንኳ አታውቁም። ጸሐፊዋ ማርጆሪ ስቶንማን ዳግላስ በ1947 ባወጣችው መጽሐፍ «የሣር ወንዝ» ያለችው ለዚህ ነው።

ወቅቱ ከኛ ብዙ አይርቅም። ዝናቡ ከግንቦት መጨረሻ ግድም ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘንባል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ደረቅ ነው።

ክረምት ላይ ውሃው ይሰፋል፤ ትናንሽ ዓሦችና ሸርጣን መሰል እንስሳት በብዛት ይራባሉ። ምግቡ አለ፤ ግን ተበትኗል። አንድ ጣሳ ስንዴ ኳስ ሜዳ ላይ ብትበትኑ ዶሮ ቀኑን ሙሉ ስትለቅም ትውላለች፤ ላትጠግብም ትችላለች። ያንኑ ስንዴ አንድ ጥግ ላይ ብትሰበስቡላት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ትጠግባለች። የውሃው መጉደል የሚሠራው ይሄንን ነው። በጋ ላይ ውሃው ቀስ እያለ ሲሸሽ ዓሣው ወደቀሩት ጉድጓዶችና ኩሬዎች ይሰበሰባል። ለወፎቹ ድግስ ተደገሰ ማለት ነው።

ስለዚህ ሽመላዎች፣ ምንቃራቸው እንደ ማጭድ የቆለመመ አይቢሶች፣ ነጫጭ ሳቢሳዎችና ማንኪያ የመሰለ ምንቃር ያላቸው ሮዝ ወፎች ጎጆ የሚሠሩት ይህን ድግስ አስልተው ነው።

በመንካት የሚያጠምደው ሽመላ

ነገሩ በደንብ የሚገባን አንዱን ወፍ ለይተን ስናይ ነው። ዉድ ስቶርክ ይባላል፤ ከሽመላ ወገን ነው። ሐዋሳ ዓሣ ገበያ ላይ አባ ኮዳን ያየ ሰው መልኩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ራሰ በራ፣ እግረ ረጅም፣ ምንቃሩ ትልቅ። እኛ ሀገር ውሃ ዳር ከሚታየው ባለ ቢጫ ምንቃር ሽመላ ጋር ደግሞ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው።

ይህ ወፍ ዓሣ የሚይዘው አይቶ ሳይሆን በመንካት ነው። ምንቃሩን ከፈት አድርጎ ውሃ ውስጥ ይነክርና ቀስ እያለ ይራመዳል። ዓሣ ሲነካው ይዘጋዋል። የሚፈጅበት ጊዜ 25 ሚሊ ሰከንድ ግድም ነው፤ ማለትም የአንድ ሰከንድ አርባኛ። የኛ ዓይን እስኪርገበገብ ድረስ እሱ ሥራውን ጨርሷል።

ዘዴው ጥሩ ነው፤ ጭቃ በሆነ ውሃም ይሠራል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? በመንካት የሚያድን ወፍ ዓሣው ጥቅጥቅ ብሎ ካልተሰበሰበ ይራባል። አንድ ጥንድ ዉድ ስቶርክ ከነጫጩቶቹ በአንድ የእርባታ ወቅት 200 ኪሎ ግራም ያህል ዓሣ ይፈልጋል ተብሎ ይገመታል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። እንቁላል ከተጣለበት ቀን ጀምሮ ጫጩቱ ራሱን እስኪችል አራት ወር ገደማ ይፈጃል። ኅዳር መጨረሻ ወይም ታኅሣሥ ላይ የጀመረ ጥንድ ዝናቡ ሳይመጣ በሚያዝያ ይጨርሳል። የካቲት ላይ የጀመረው ግን ሰኔ ይደርስበታል። ሰኔ ደግሞ ዝናብ ነው። ውሃው ይሞላል፣ የተሰበሰበው ዓሣ ይበተናል፣ ወላጆቹ ቀኑን ሙሉ ዞረው ባዶ አፋቸውን ይመለሳሉ። በመጨረሻ ጎጆውን ጥለው ይሄዳሉ። ጫጩቶቹ እዚያው ያልቃሉ።

በጋው መሃል ላይ ያልተጠበቀ ውሃ ቢመጣም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ከሰማይ ይዝነብ ከቦይ ይለቀቅ ለወፉ ለውጥ የለውም።

ለምን ተጠጋግተው ይኖራሉ?

እነዚህ ወፎች በየዛፉ ተበታትነው አይደለም ጎጆ የሚሠሩት። በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ሆነው ውሃ መሃል በቆመ የዛፍ ደሴት ላይ ይሰፍራሉ። ጫጫታው ከሩቅ ይሰማል፤ ሽታውም እንደዚያው።

ምክንያቱ ከዛፉ ሥር ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ራኩን የሚባል፣ ዛፍ መውጣት የሚችል አውሬ አለ። አንድ ጊዜ ሰፈሩ ውስጥ ከገባ እንቁላልም ጫጩትም አያስቀርም። ዛፎቹ ሥር ውሃ ሲኖር ግን አሊጌተር አለ፤ የአዞ ዘመድ ነው። ራኩን አሊጌተር ባለበት ውሃ ለመዋኘት አይደፍርም።

አሊጌተሩ በነፃ አይጠብቅም። ከጎጆ የሚወድቁ ጫጩቶች የሱ ምግብ ናቸው። ወፎቹ ጥቂት ጫጩት ይከፍላሉ፤ ሰፈሩ ግን ይተርፋል። ውሃው ያለጊዜው ከደረቀ ጥበቃው ይነሳል፤ ራኩኑ በእግሩ ይመጣል።

ስለዚህ ልብ በሉ፤ ወፎቹ የሚፈልጉት ውሃው እንዲጎድል ነው፤ ግን ቀስ ብሎ፣ ሳይቋረጥ፣ ጎጆው ሥር ሳይደርቅ። ብዙ ውሃም ይጎዳል፣ ድርቅም ይጎዳል። ዋናው ጊዜው ነው።

አንደኛው ጥፋት፦ ባርኔጣ

ወፎቹ ሁለት ጊዜ ተመትተዋል። የመጀመሪያው በጥይት ነው።

በ1800ዎቹ መጨረሻ ላይ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የሴቶች ባርኔጣ በላባ ማስጌጥ ፋሽን ሆነ። ከሁሉ የሚወደደው የነጭ ሳቢሳ ላባ ነበር። ያ ስስ ላባ የሚያድገው ደግሞ በእርባታ ወቅት ብቻ ነው። ስለዚህ አዳኞቹ የሚመጡት ወፎቹ ጫጩት ታቅፈው በአንድ ቦታ በተሰበሰቡበት ሰዓት ሆነ። ትልልቆቹን ይገድላሉ፤ ጫጩቶቹ በረሃብ ያልቃሉ። በ1903 አንድ አውንስ ላባ፣ ማለትም 28 ግራም ያህል፣ ለአዳኙ እስከ 32 ዶላር ያስገኝ ነበር። በዚያን ጊዜ የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ ከ21 ዶላር ያነሰ ነበር።

ጋይ ብራድሊ የሚባል ወጣት በ1902 የወፎቹ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። ሐምሌ 8 ቀን 1905 አዳኞችን ለማስቆም ሲሞክር ተተኩሶበት ሞተ። ተኳሹ ፍርድ ቤት ቀርቦ አልተቀጣም። የሞቱ ወሬ ግን ሀገር አንቀሳቀሰ። ኒው ዮርክ በ1910 የላባ ንግድን የሚገድብ ሕግ አወጣች፤ በ1918 ደግሞ ተሰዳጅ ወፎችን የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ ጸደቀ። ፋሽኑም አለፈ። ወፎቹ አገገሙ።

እዚህ ላይ ታሪኩ በደስታ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም።

ሁለተኛው ጥፋት፦ የውሃ በር

በ1928 አውሎ ነፋስ የኦኪቾቢን ሐይቅ ገንፍሎ እንዲወጣ አድርጎ ቢያንስ 2,500 ሰው ሞተ። በ1947 ደግሞ ሌላ ከባድ ጎርፍ መጣ። ሰዎች መፍራታቸው ትክክል ነበር። በ1948 የአሜሪካ ኮንግረስ ትልቅ የውሃ መቆጣጠሪያ ሥራ አጸደቀ፤ ክትር፣ ቦይ፣ ፓምፕና የውሃ በር ተሠራ። ከሐይቁ በስተደቡብ ያለው መሬት የሸንኮራ አገዳ እርሻ ሆነ፤ የምሥራቁ ዳርቻ ከተማ ሆነ። ከጥንቱ ረግረግ ግማሽ ያህሉ ጠፋ።

የተረፈው ግማሽስ? በ1947 የተከፈተው ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ማንም አይተኩስበትም፣ ማንም አያርስበትም። ግን ውሃው የሚመጣው ከላይ ነው፤ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ደግሞ ሰው ነው። ክረምት ላይ ጎርፍ እንዳይመጣ ውሃው በቦይ ወደ ባሕር ይለቀቃል። በጋ ላይ ደግሞ ለከተማና ለእርሻ ተብሎ ይያዛል። ፓርኩ አንዴ ያለጊዜው ይደርቃል፣ አንዴ ያለጊዜው ውሃ ይለቀቅበታል።

ወፎቹ ምላሽ ሰጡ። ድሮ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጎጆ ይጀምር የነበረው ዉድ ስቶርክ ወደ ጥርና የካቲት፣ አንዳንዴም መጋቢት ገፋው። ሒሳቡን ከላይ ሠርተነዋል፤ ዘግይቶ የጀመረ ዝናብ ይደርስበታል። በ1930ዎቹ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ 20,000 ጥንድ ያህል ይገመት የነበረው ይህ ወፍ በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ 5,000 ጥንድ ወረደ። በ1984 ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት ዝርዝር ገባ።

ከዚያ ምን አደረገ? ተሰደደ። ወደ ሰሜን፣ ወደ ጆርጂያና ሳውዝ ካሮላይና ሄዶ ጎጆ መሥራት ጀመረ። እዚያ ቁጥሩ እየጨመረ ስለመጣ በ2014 ሥጋቱ ዝቅ ወዳለ ደረጃ ተዛወረ። ወፉ ዳነ ማለት ይቻላል። ኤቨርግሌድስ ግን ዳነ ማለት አይደለም፤ ተከራዩ ቤቱን ለቆ ሌላ ሰፈር ተሻለው ማለት ነው።

ውሃው በጊዜው ሲመጣ

በ2000 ኮንግረስ ረግረጉን ለመመለስ አሥርት ዓመታት የሚፈጅ ዕቅድ አጸደቀ። አንድ ምሳሌ ብቻ እንጥቀስ። ታማያሚ ትሬይል የሚባለው መንገድ ከ1928 ጀምሮ የውሃውን ጉዞ እንደ ግድብ አቋርጦ ቆሞ ነበር። በ2013 ከመንገዱ 1.6 ኪሎ ሜትር ያህሉ ወደ ድልድይነት ተቀየረ፤ ኋላም ሌላ ድልድይ ተጨመረ። ውሃው ከሥሩ እንዲያልፍ ማለት ነው።

ሥራው ገና ነው። ግን በ2018 አንድ ነገር ታየ። የ2017 ክረምት በጣም ዝናባማ ነበር፤ መስከረም ላይ ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስም መጣ። ረግረጉ ሞላ። ከዚያ በጋው ገባና ውሃው ቀስ እያለ ጎደለ፣ ልክ እንደ ድሮው። በዚያ ወቅት ደቡብ ፍሎሪዳ ላይ ከ138,000 በላይ ጎጆ ተቆጠረ፤ ከ1940ዎቹ ወዲህ ያልታየ ቁጥር ነው። ሰው ለአሥርት ዓመታት ቢያበላሸውም ወፎቹ ልማዳቸውን አልረሱም። ውሃው በጊዜው ሲመጣና በጊዜው ሲሸሽ እነሱም መጡ።

ባለሙያዎች ጎጆ የሚቆጥሩት ለወፍ ፍቅር ብቻ አይደለም። ሽመላው በኅዳር ከጀመረ ውሃው እየተስተካከለ ነው ማለት ነው፤ መጋቢት ላይ ከጀመረ የሆነ ቦታ ችግር አለ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ የደቡብ ፍሎሪዳ ነዋሪዎች የሚጠጡት ውሃም ከዚሁ ረግረግ ጋር የተያያዘ ነው።

ሳቢሳዋ ዘመዳችን

አንድ የምትገርም ነገር እንጨምር። ዛሬ ፍሎሪዳ ውስጥ ከነዚህ ወፎች ጋር ጎጆ ከሚሠሩት አንዷ እኛ ገጠር ከብት ተከትላ የምትሄደው ነጭ ሳቢሳ ናት። ማንም አልወሰዳትም። ከአፍሪካ አትላንቲክን በራሷ ክንፍ ተሻግራ በ1870ዎቹ ደቡብ አሜሪካ ታየች፤ በ1953 ፍሎሪዳ ውስጥ ስትራባ ተመዘገበች። ከብት ተከትላ ነፍሳት ስለምትለቅም የውሃው ጊዜ መዛባት እንደ ዉድ ስቶርክ አልጎዳትም።

እኛስ ጋ? ጣና ዳር ያለው ፎገራ ሜዳ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል፣ በጋ ላይ ይሸሻል፤ ሩዝ ይበቅልበታል፣ ወፍ ይሰፍርበታል። የጣና ውሃ ወደ ዓባይ የሚወጣበት ቦታ ላይ ደግሞ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጨረጨራ ላይ የውሃ በር አለ። ፎገራ ኤቨርግሌድስ ሆኗል እያልን አይደለም። መብራትም መስኖም ያስፈልገናል። ግን ስለ ግድብና መስኖ ዜና ስናነብ ሁሌ የምንጠይቀው «ስንት ሜትር ኩብ?» ብለን ነው። ፍሎሪዳ ከፍላ የተማረችው ሌላ ጥያቄ እንዳለ ነው፦ «በየትኛው ወር?»

ረግረግ ወይም ሐይቅ አካባቢ የምትኖሩ ካላችሁ አንድ ነገር ንገሩን፤ እናንተ ጋ ወፎቹ ጎጆ መሥራት የሚጀምሩት በየትኛው ወር ነው? አባቶቻችሁንና እናቶቻችሁንም ጠይቁ፤ ድሮስ በዚሁ ወር ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ እናነበዋለን።