ተገልብጦ የሚሠራው ራውተር

በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከጦር ኃይሎች እስከ ቤተል፣ የእንጨት ሥራ ቤት ማየት ብርቅ አይደለም። መንገድ ዳር አልጋ የሚገጥም፣ በር የሚልግ፣ ቁም ሣጥን ቫርኒሽ የሚቀባ ባለሙያ አለ፤ በየግቢው ደግሞ አንዲት የሰርቪስ ክፍል አጽድቶ ወይም ቆርቆሮ ጥላ ሥር ሆኖ ለገዛ ቤቱ የሚሠራ አለ። እዚህ የማስተዋውቀው የራውተር ጠረጴዛ በተለይ ለዚህኛው ሰው የሚሆን ነው። ራውተር ሲባል ኢንተርኔት የሚያከፋፍለው ዕቃ ትዝ የሚለው ብዙ ነው። የእንጨት ሠራተኛው ራውተር ግን በሁለት እጅ የሚያዝ ሞተር ነው፤ ከሥሩ ኮሌት የሚባል አንገት አለው፣ አንገቱ ቢላ አንቆ ይይዛል፣ ቢላው በደቂቃ ከ10,000 እስከ 30,000 ጊዜ እየዞረ እንጨቱን ይፈለፍላል። ሞተሩ ተገልብጦ ከጠረጴዛ ሥር ሲታሰርና ቢላው በቀዳዳ ወደ ላይ ብቅ ሲል ሥራውም አብሮ ይገለበጣል፤ ቀድሞ መሣሪያው በእንጨቱ ላይ ይሄድ ነበር፣ አሁን እንጨቱ በመሣሪያው ላይ ይሄዳል። ብዙ ሰው ራውተር የሚገዛው ጠርዝ ለማስጌጥ ነው። በእኔ እምነት ግን የዚህ መሣሪያ ትልቁ ጥቅም ጌጡ ሳይሆን መጋጠሚያው ነው፤ መጋጠሚያውን አስተማምኖ ለመሥራት ደግሞ ጠረጴዛው የግድ ነው።

የኤሌክትሪክ የእጅ ራውተር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አካባቢ የተወለደ ነው። በአሜሪካ ሲራክዩዝ ከተማ አር. ኤል. ካርተር የተባለ ሰው እየሠራ ይሸጠው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ስታንሊ ኩባንያ ሥራውን ገዛው። እ.ኤ.አ. በ1949 ደግሞ የጀርመኑ ኤሉ፣ ሞተሩ ወደ ታች ሲጫኑት ቢላው ራሱ እንጨት ውስጥ የሚገባበትን ዓይነት አወጣ። የእኛ አናጢ ኮላ፣ ስኳድራ፣ ሞርሳ፣ ኮምፔርሳቶ እያለ ብዙ ስም ከጣሊያንኛ ወርሷል። ራውተር ግን ዘግይቶ ስለመጣ ከእንግሊዝኛ ስሙ ጋር ገባ።

መጋጠሚያ ላይ አጥብቄ የምቆመው በአዲስ አበባ አየር ምክንያት ነው። እንጨት ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላም ከአየሩ እርጥበት ይቀበላል፣ መልሶም ይሰጣል። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። በርዝመቱ የሚያሳየው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ በወርዱ ግን 40 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ጣውላ ከወቅት ወደ ወቅት ጥቂት ሚሊ ሜትር ሊሰፋና ሊጠብብ ይችላል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ትንሽ ትመስላለች። ሰሌዳውን ዙሪያውን በኮላና በሚስማር ቸንክሮ ለያዘ ሰው ግን ትንሽ አይደለችም፤ በሐምሌ አልዘጋ ያለው የቁም ሣጥን በር በኅዳር ንፋስ መሃል ለመሃል የሚሰነጠቀው በእሷ ሰበብ ነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ብዙ ከሚኮማተሩና ከሚጣመሙ እንጨቶች አንዱ ነው። ዋንዛ የተሻለ ጠባይ አለው፤ ነገር ግን እንደ ልብ የሚገኝ እንጨት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎት የነበረው እየሳሳ በመሄዱ ነው። እንዲህ ያለውን ጣውላ ገዝቶ በዓመቱ እንዲሰነጠቅ አድርጎ መግጠም ያሳዝነኛል። የጅማ በርጩማ ጠራቢዎች ችግሩን በሌላ መንገድ አልፈውታል፤ መቀመጫውንም እግሩንም ከአንድ ግንድ ስለሚያወጡት እንጨቱ ሲያብጥም ሲኮማተርም አንድ ላይ ነው፣ የሚሟገተው መጋጠሚያ የለም። ቁም ሣጥን ግን ከአንድ ግንድ አይወጣም።

ለቁም ሣጥን በር በብዙ አገር አናጢዎች የደረሱበት መላ ክፈፍና ሰሌዳ ነው። ሁለት ቋሚና ሁለት አግዳሚ እንጨቶች ክፈፍ ይሆናሉ፤ በውስጥ ጠርዛቸው ቦይ ይቆፈራል፤ የመሃሉ ሰሌዳ ኮላ ሳይነካው በቦዩ ውስጥ ይቀመጣል። ክረምት ሲመጣ ሰሌዳው ቦዩ ውስጥ ይሰፋል፣ በጋ ሲሆን ይጠብባል፣ ክፈፉ ግን ባለበት ይቆማል። አሁን ቁጥሩን እንመልከት። አራት በር ያለው ቁም ሣጥን 16 የክፈፍ እንጨት አለው፤ ስለዚህ 16 ቦይ አለው። የአግዳሚዎቹ ጫፍ ወደ ቋሚው ቦይ የሚገባ ምላስ ሲወጣለት ደግሞ 16 ምላስ ይሆናል፣ እያንዳንዱም በሁለት ፊቱ የሚቆረጥ። ይህ ሁሉ በተመሳሳይ ጥልቀትና በተመሳሳይ ርቀት ካልወጣ በሩ ይጣመማል። የእጅ ራውተር በ22 ሚሊ ሜትር ጠርዝ ላይ ቆሞ ይህን ይሠራል ማለት፣ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መቀመጫ በጣት ስፋት ግድግዳ ላይ ሚዛኑን ጠብቆ ይሂድ ማለት ነው። ትንሽ ጋደል ካለ ቦዩ ተበላሸ። ጠረጴዛው ላይ ግን እንጨቱ ሰፊ ሜዳ ላይ በጠርዙ ቆሞ፣ ከቢላው ጎን በቆመ ቀጥ ያለ መመሪያ ላይ ፊቱን አስደግፎ ያልፋል፤ መመሪያው አንዴ ከታሰረ አሥራ ስድስተኛው ቦይ ከአንደኛው አይለይም። እዚህ ላይ አንድ ልማድ ብዙ ይጠቅማል፤ የእያንዳንዱን እንጨት መልካም ፊት በእርሳስ ምልክት አድርጎ፣ ቦዩ በሚቆፈርበት ጊዜ ሁሉ ያንኑ ፊት ወደ መመሪያው ማስደገፍ። ቦዩ ከመሃል ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢስት እንኳ ሁሉም በአንድ ወገን ስለሚስት በሩ ሲገጠም ፊቱ እኩል ይወጣል።

ጠረጴዛውን መሥራት ከባድ አይደለም፤ አንድ ነገር ግን ይቅርታ አያውቅም፣ እሱም ልሙጥነት ነው። ፊቱ መሃል ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ከረገበ የቦዩ ጥልቀትም በዚያው ይዛባል፤ ሞተሩ ደግሞ ቀን ከሌት ተንጠልጥሎ ወደ ታች ይጎትተዋል። ስለዚህ ሁለት ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ በኮላ አጣብቆ 36 ሚሊ ሜትር ማድረግ፣ ከዚያም ከላይም ከታችም ፎርማይካ መለጠፍ ይሻላል። የታቹ የማይታይ ነው ብሎ መተው ስህተት ነው፤ እርጥበት በአንድ ወገን ብቻ ከገባ ሰሌዳው ይጎብጣል። 60 በ80 ሳንቲ ሜትር ለቤት ሥራ ይበቃል፣ ቁመቱም ወገብ ዙሪያ፣ 90 ሳንቲ ሜትር ግድም ይሁን። ራውተሩ የሚታሰርበት ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአልሙኒየም ሳህን ነው፤ ሳህኑ በጠረጴዛው ፊት ውስጥ በተቆፈረለት ጎድጓዳ ይቀመጥና በአራት ማዕዘኑ ባሉ ብሎኖች ከፍ ዝቅ እየተደረገ ከፊቱ ጋር ይስተካከላል። መስተካከሉን በዓይን ማመን አይገባም። ቀጥ ያለ ብረት ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ከሥሩ ቀጭን ወረቀት ማንሸራተት ነው፤ ወረቀቱ የሚያልፍበት ቦታ ጉድጓድ አለው። የሳህኑ ጠርዝ በፀጉር ያህል እንኳ ከፍ ካለ እንጨቱ መሃል መንገድ ላይ ይደናቀፍበታል።

መመሪያው ጀማሪን የሚያስጨንቅ፣ ነገር ግን ከሁሉ የቀለለ አካል ነው። የጠረጴዛ መጋዝ የሚያውቅ ሰው መመሪያው ከቢላው ጋር ትይዩ መሆን አለበት ብሎ ያስባል፤ በመጋዝ ላይ እውነቱን ነው። የራውተር ቢላ ግን ክብ ነው፣ እየዞረ የሚቆርጥ አንድ ነጥብ እንጂ ፊትና ኋላ የለውም። ስለዚህ መመሪያው ቀጥ ያለና ከጠረጴዛው ፊት ጋር በስኳድራ የቆመ ይሁን እንጂ በጠረጴዛው ፊት ላይ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር ለውጥ የለውም። ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ያስደስታል፤ የመመሪያውን አንድ ጫፍ በአንድ ብሎን ጠረጴዛው ላይ መቸንከርና ሌላውን ጫፍ በሞርሳ መያዝ ብቻ ይበቃል። ቢላው ከሁለቱ ጫፎች እኩል ርቀት ላይ ከሆነ፣ ነፃውን ጫፍ ሁለት ሚሊ ሜትር መግፋት ቢላው ጋ አንድ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ውድ ማስተካከያ የሚሰጠውን ጥራት አንድ ብሎን ሰጠ ማለት ነው። ጠረጴዛውን ተዘጋጅቶ ከመግዛት ይልቅ መሥራቱ ይሻላል የምለው በዚህ የተነሣ ነው፤ ዋጋ የሚያስወጡት ክፍሎች ብዙዎቹ አስፈላጊ አይደሉም።

ሦስት ተቃውሞዎች ግን መልስ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው፣ ማሽን ቤት እያለ ምን ያደክመኛል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ጣውላ ተሸክሞ ሄዶ አስልጎ መመለስ የተለመደ ነው፣ ጠረጴዛውም ማሽን ቤቱን አይተካውም። እንዲያውም የጣውላው ውፍረት እኩል ሆኖ ካልተላገ ምላሱ በሁለት ፊት ሲቆረጥ አንዱ ጠባብ አንዱ ሰፊ ይወጣል፤ ስለዚህ መላጉ ማሽን ቤት ይሁን። መጋጠሚያ ግን ተሞክሮ የሚገጥም ነገር ነው። ምላሱ ጠበቀ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይቀነስ፣ እንደገና ይሞከር፤ ይህን ለማድረግ ሌላ ሰፈር መመላለስ አይቻልም። ሁለተኛው ተቃውሞ የድሮ አናጢዎች ነው፤ መሮና መላጊያ ይበቃል ይላሉ። በእነሱ እጅ ይበቃል። በመሮ ቦይ አውጥቶ ምላስ የሚያስገባ ባለሙያ ይህ መሣሪያ አያስፈልገውም፣ ሥራውም ይከበራል። ነገር ግን ያ እጅ የዓመታት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚሠራ ሰው ያንን እጅ እስኪያገኝ የቤቱ በሮች መቆየት አይችሉም። ጠረጴዛው የሚሰጠው ችሎታን ሳይሆን ድግግሞሽን ነው፤ የምላሱን ትከሻ በመሮ ማጥራት አሁንም የእጅ ሥራ ነው።

የሚከብደኝ ሦስተኛው ተቃውሞ፣ የአደጋው ጉዳይ ነው። ቢላው ሲዞር ለዓይን የለም፤ በአንድ ሰከንድ 400 ጊዜ የሚዞር ነገር አይታይም። 75 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቢላ በደቂቃ 24,000 ጊዜ ቢዞር ጫፉ በሰዓት 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ ስለዚህ ቢላው በሰፋ ቁጥር ፍጥነቱ መቀነስ አለበት፣ ለዚህ ስፋት 10,000 ግድም ይበቃል፣ ፍጥነቱ የማይቀንስ ሞተርም ትልቅ ቢላ ሊገባበት አይገባም። ሞተሩ በመገልበጡ ቢላው ከላይ ሲታይ ወደ ግራ፣ ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ይዞራል፤ እንጨቱም ከቀኝ ወደ ግራ ይገፋል። ይህ ከተገለበጠ ቢላው እንጨቱን ነጥቆ ይወረውረዋል፣ እጅንም አብሮ ሊጎትት ይችላል። እንጨት በቢላውና በመመሪያው መካከል ተጠምዶ በፍጹም አይገፋም፤ እጅም ወደ ቢላው የሚጠጋው በገፊ እንጨት በኩል ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ለአዲስ አበባ የማሳስበው መብራት ነው። መብራት ሲሄድ ራውተሩ ይቆማል፣ ሠራተኛው ማብሪያውን ሳያጠፋ ቢላ ሊቀይር እጁን ያስገባል፣ መብራት ሲመጣ ሞተሩ ራሱን ያስነሳል። መብራት ሲቋረጥ ራሱ የሚጠፋና በሰው ጣት ካልሆነ የማይነሳ ማብሪያ ማጥፊያ ይሸጣል፤ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት መገጠም አለበት፣ ቢላ በሚቀየርበት ጊዜም ሶኬቱ ራሱ ይነቀል። ሌላው የከተማችን ጉዳይ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ አገር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ የሳሳ አየር ደግሞ ሞተር አጥግቦ አያቀዘቅዝም። ሞተሩን በብናኝ መሰብሰቢያ ሣጥን ውስጥ የሚደብቁ ሰዎች ሰፊ የአየር መግቢያ ይተዉለት፤ ጥልቅ ቦይም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ሦስት ዙር ይቆፈር። ብናኙም ቀላል አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ከመመሪያው ጀርባ የቫኪዩም ቱቦ የሚገባበት ቀዳዳ መክፈት፣ የአፍንጫ መሸፈኛና የጆሮ መከላከያ ማድረግ ከሥራው አይለይም። በአንድ ግቢ ለሚኖሩ ጎረቤቶች ደግሞ የሥራ ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል፤ ጩኸቱ ከግድግዳ ያልፋል።

የኤምዲኤፍና የቺፑድ በር አይኮማተርም፣ ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን የሚል ሊኖር ይችላል። በመኝታ ክፍል እውነት ነው። ከእቃ ማጠቢያ ሥር ግን ውሃ የነካው ቺፑድ ያብጥና አይመለስም፣ ማጠፊያው የታሰረበት ብሎንም ይለቃል፤ ዋንዛ ግን ረጥቦ ይደርቃል፣ ተፍቆ እንደገና ቫርኒሽ ይቀባል። ስለዚህ ጠረጴዛው እንዳለቀ የመጀመሪያው ሥራ የወጥ ቤት በር ይሁን። በትርፍራፊ እንጨት ቦይና ምላሱን ሞክሮ፣ በእጅ ግፊት ገብቶ በራሱ ክብደት የማይወድቅ ሲሆን መመሪያውን ማሰር፤ የክፈፉን ማዕዘን ብቻ በኮላ መያዝ፤ ለመሃሉ ሰሌዳ በክረምት ከተሠራ በቦዩ ውስጥ ጥቂት፣ በበጋ ከተሠራ ብዙ መፈናፈኛ መተው። ሰሌዳው ከመገጠሙ በፊት እስከ ጠርዙ ድረስ ቫርኒሽ መቀባት አለበት፤ ከተገጠመ በኋላ ከተቀባ፣ ኅዳር ላይ ሲኮማተር ከቦዩ ሥር ያልተቀባ ነጭ መስመር ይወጣል።