ማንጎን በቤት ውስጥ ማድረቅ፦ ውሃው ካልወጣ ሻጋታው ይገባል



የማንጎ ወቅት ሲደርስ ዋጋው ይቀንሳል። በብዛት ገዝተን እንገባለን፤ ከሳምንት በኋላ ግን የተወሰነው በስብሶ ይጣላል። በመምህርነት ባሳለፍናቸው ዓመታት ደግሞ በእረፍት ሰዓት በልጆች እጅ የምናየው ከረሜላ ነበር። የሚጣለውን ማንጎ አድርቀን መክሰስ ብናደርገው ሁለቱም ይቃለላሉ ብለን ጀመርን።

የመጀመሪያው ሙከራችን ግን አልተሳካም። ቶሎ እንዲደርስ ብለን የኦቨኑን ሙቀት ከፍ አደረግን። ላዩ ደረቅ ስላለ በጠርሙስ ከደንነው፤ በሳምንቱ ሻገተ። ምክንያቱን ያወቅነው በኋላ ነው። ከማንጎ ከመቶ 80 በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ሙቀቱ ሲበዛ ላዩ ቶሎ ይጠነክርና የውስጡ ውሃ መውጫ ያጣል። ስለዚህ የማድረቅ ቁም ነገሩ ሙቀት ሳይሆን ትዕግሥት ነው።

ዝግጅት፦ የበሰለ ግን ያልላሸቀ ማንጎ መርጣችሁ እጠቡ፣ ላጡ፣ ከዚያም በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት እኩል እኩል ቁረጡ። ሙዝና ፖም ከሆነ እንዳይጠቁር፣ እኩል በተቀላቀለ የሎሚ ጭማቂና ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ንከሩት።

በኦቨን፦ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ገደማ ይሁን። እንፋሎቱ እንዲወጣ በሩን ገርበብ አድርጉ፤ ልጆች እንዳይቀርቡም ተጠንቀቁ። መሀል ላይ እየገለበጣችሁ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ይቆያል።

በፀሐይ፦ ከ30 ዲግሪ ያላነሰ ሙቀትና ደረቅ አየር ይፈልጋል። ድሬዳዋና አፋር ላላችሁ ይመቻል፤ ለአዲስ አበባ፣ በተለይ በክረምት፣ አይሆንም። ከመሬት ከፍ ባለ ንጹሕ ወንፊት ላይ ዘርግታችሁ በስስ ነጠላ ሸፍኑት። ጤዛ መልሶ ስለሚያርሰው ማታ ማታ አስገቡት። ሲደርቅ የነፍሳት እንቁላል እንዳይተርፍ 48 ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት።

መድረሱን ለማወቅ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ። አንዱን ቆርጣችሁ ስትጨምቁት እርጥበት ካልወጣና ስታጥፉት ካልተጣበቀ ደርሷል። ከ1 ኪሎ የተላጠ ማንጎ 200 ግራም ገደማ ይገኛል።

ቀጥሎ ያለውን ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። ከጠርሙሱ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ሙሉና ክደኑት፤ ለ7 ቀናት በየቀኑ ነቅንቁት። ክዳኑ ላይ የውሃ ጠብታ ካያችሁ እንደገና ይድረቅ። ሻጋታ ከታየ ግን የሻገተውን ብቻ ለይቶ መብላት አይቻልም፤ ሙሉው ይጣላል።

ለኢፍጧር ዘቢብ ወይም የደረቀ ፍራፍሬ በውሃ ዘፍዝፈን የምንጠጣም አለን። ሙስሊም በዘገቡት የኢብኑ ዐባስ ሐዲስ፣ ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘቢብ ይዘፈዘፍላቸው ነበር፤ እስከ ሦስተኛው ቀን ይጠጡታል፣ ከዚያ የተረፈው ይደፋ ነበር። ስኳር ያለው ውሃ ሲቆይ ይፈላልና፣ ፈልቶ አስካሪ ከሆነ ሐራም ነው። እኛ ማታ ፍሪጅ ውስጥ ዘፍዝፈን በማግስቱ እንጨርሰዋለን። አረፋ ካወጣ ወይም ሽታው ከተቀየረ እንደፋዋለን።

በመጨረሻም የደረቀ ፍራፍሬ ስኳሩ የተከማቸ ነው። ለልጅ ጥቂት ቁራሽ ይበቃዋል፤ ጥርስ ላይ ስለሚጣበቅም ከበላ በኋላ አፉን ይጉመጥመጥ።

አላህ ኒዕማውን ከማያባክኑት ያድርገን።